ከምርጫ ወደ ሹመት፦ ዩኒስ ካርተርና የ1934ቱ የሐርለም ውድድር

ሕግን የሚያወጣና ሕግን የሚጠብቅ በአንድ ቤት ያደሩ አገልጋዮች ይመስላሉ እንጂ፣ ሥልጣናቸው የሚመነጭበት ምንጭ የተለያየ ነው። ሕግ አውጭው ሥልጣኑን ከሕዝብ እጅ ይቀበላል፤ በሕዝብ ድምፅ ይነሣል፣ በሕዝብ ድምፅም ይወርዳል። ዐቃቤ ሕጉ ግን፣ ይልቁንም በአለቃ ሥር የሚሠራው ዐቃቤ ሕግ፣ ከሿሚው እጅ ተቀብሎ በሿሚው ፈቃድ ይቆያል። ይህ ልዩነት በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲገለጥ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በሚባለው ሰፈር በ1934 ለግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድረው ሳይመረጡ የቀሩትን፣ ኋላ ግን በዐቃቤ ሕግነታቸው ስማቸው የተነሣውን የወይዘሮ ዩኒስ ሀንተን ካርተርን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ መከታተል ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐርለም በማንሃተን ደሴት በስተ ሰሜን የሚገኝ ሰፈር ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በአብዛኛው ነጮች ይኖሩበት የነበረው ይህ ሰፈር፣ የደቡቡን ግፍ ሸሽተው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪብያን ደሴቶች የተሰደዱ ሰዎች እየጎረፉበት፣ በ1930ዎቹ ዓመታት 200 ሺህ ያህል ጥቁር ሕዝብ የሰፈረበት፣ ባለ ቅኔውና ሠዓሊው፣ ሰባኪውና ፖለቲከኛው፣ ነጋዴውና ሥራ ፈላጊው ተጨናንቀው የሚኖሩበት ታላቅ ማኅደር ሆነ። የእኛም አገር ስም በዚያ እንግዳ አልነበረም። በ1808 በአንድ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጋቸውን ተቃውመው የወጡ ጥቁር ምእመናን የመሠረቷት የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ከ1923 ጀምሮ በሐርለም በ138ኛው መንገድ በሠራችው ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሐበሻን ስም በየሰንበቱ ታስጠራ ነበርና።

በዚህ ሰፈር የምርጫ ነገር ዋዛ አልነበረም። በ1917 ኤድዋርድ ጆንሰን የተባሉት ጠበቃ ከሐርለም ተመርጠው በኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ለመቀመጥ የመጀመሪያው ጥቁር እንደራሴ ሆኑ፤ የግዛቱ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙትም በዚያው ዓመት ነው። እነዚህ ሁለት ድሎች በአንድ ዓመት ቢወለዱም፣ ጥቁርም ሴትም የሆነች እንደራሴ ግን እስከ 1934 ድረስ ከዚያ ምክር ቤት ደጃፍ አልገባችም ነበር። ምክር ቤቱ ኦልባኒ በምትባለው በግዛቱ ዋና ከተማ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ 150 ወንበሮች ነበሩት፤ የአንድ እንደራሴ ዘመንም በዚያ ወራት አንድ ዓመት ብቻ ስለ ነበር፣ ተመራጩ ሥራውን በቅጡ ሳይጀምር ዳግመኛ በሕዝብ ፊት ለመቆም ይገደድ ነበር። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል በጀት፣ የወንጀለኛ መቅጫና የክስ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁሉ የሚወሰነው በዚያ ነበርና፣ ወንበሩ ትንሽ አልነበረም።

ወይዘሮ ዩኒስ ጁላይ 16 ቀን 1899 በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዊልያም አልፊየስ ሀንተን በካናዳ የተወለዱ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወ.ወ.ክ.ማ.) ውስጥ ጥቁር ወጣቶችን በማደራጀት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው አዲ ሀንተን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው፣ በገዛ ጦራቸው ውስጥ ንቀትና መድልዎ ይፈጸምባቸው የነበሩትን ጥቁር ወታደሮች ካገለገሉት እጅግ ጥቂት ጥቁር ሴቶች አንዷ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1906 በአትላንታ የተነሣው የነጮች ሁከት ቢያንስ 25 ያህል ጥቁሮችን በገደለ ጊዜ፣ ይህ ጨዋ ቤተሰብ ያፈራውን ኑሮ ትቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሩክሊን ተሰደደ። የሰባት ዓመት ሕፃን የነበሩት ዩኒስ ሕግ በሌለበት ወይም ሕጉ ዐይኑን በጨፈነበት አገር የሰው ሕይወት ምን ያህል ርካሽ እንደሚሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወላጆቻቸው ስደት ተማሩት።

ትምህርታቸውን በማሳቹሴትስ በሚገኘው በስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ተከታትለው፣ በ1921 የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ በአራት ዓመት ውስጥ በአንድነት ተቀበሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የጻፉት ስለ ግዛት መንግሥት አስተዳደር መሻሻል ሲሆን፣ ያን ጊዜ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩት፣ ኋላም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ካልቪን ኩሊጅ በምክር ረድተዋቸዋል። ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወይዘሮ ዩኒስ ወደ ምርጫ የገቡት በድንገተኛ ምኞት ሳይሆን፣ ገና በወጣትነታቸው የግዛት መንግሥት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚታረም አስበውና ጽፈው ከቆዩ በኋላ ነው። ከኮሌጅ ወጥተው በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ተሰማሩ፤ በ1924 ከባርቤዶስ የመጡትን የጥርስ ሐኪም ዶክተር ላይል ካርተርን አግብተው፣ በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በሐርለም የሥነ ጽሑፍ መነቃቃት ዘመንም ኦፖርቹኒቲ በሚባለው መጽሔት ላይ አጫጭር ልብ ወለዶችና የመጻሕፍት ሒስ ያሳትሙ ነበር። በ1927 በፎርደም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ጀመሩ፤ የልጅ ማሳደግና የቤት ጣጣ ሳይበግራቸው በ1932 ተመርቀው፣ ከዚያ ትምህርት ቤት በሕግ የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በ1933 የጥብቅና ፈተናውን ባለፉ ጊዜ ሠላሳ አራተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ወራት ነበር የቀራቸው፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሪፐብሊካን ፓርቲ እጩነት ለሐርለም 19ኛ የምርጫ ክልል ወንበር ቀረቡ።

የሪፐብሊካን ፓርቲ በዚያ ዘመን ለጥቁር ሕዝብ ምን እንደ ነበረ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ማስረዳት ያሻል። ባርነትን ያስቀረው የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ እርሱ ነበርና፣ ጥቁሮች ለሁለት ትውልድ ያህል ውለታውን ሳይረሱ ድምፃቸውን ለእርሱ ሲሰጡ ኖሩ። የዴሞክራት ፓርቲ ግን በደቡብ አገር ጥቁሩን ከምርጫ ሣጥን የሚያግድ፣ በየዛፉ የሚሰቅለውን መንጋ በዝምታ የሚያልፍ ፓርቲ ነበር። ነገር ግን በ1929 የደረሰው የኢኮኖሚ ድቀት ይህን የቆየ ቃል ኪዳን ነቀነቀው። በሐርለም ሥራ አጥነት ከከተማው ሌላ ክፍል ይልቅ ከፋ፤ አንዱ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ እየተከራየ፣ የኪራዩ ዋጋ ግን ነጮቹ ከሚከፍሉት ሲበልጥ ይታይ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የእርዳታ ገንዘብና የሥራ ፕሮግራም ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ምንም እንኳ ክፍፍሉ ከአድልዎ ባይጸዳ፣ የተራበው ሰው የአያቱን ውለታ ከልጁ ዳቦ ጋር ለማመዛዘን ተገደደ፤ ሚዛኑም ወዴት እንደሚያደላ አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር።

እንግዲህ ኖቬምበር 6 ቀን 1934 ወይዘሮ ዩኒስ የታገሉት በወንበሩ ላይ ከነበሩት፣ እርሳቸውም ጥቁር ከሆኑት ከዴሞክራቱ ከጄምስ ስቲቨንስ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ከዘመን ማዕበል ጋር ነበር። በዚያው ቀን በግዛቱ የሪፐብሊካን ፓርቲ ለአገረ ገዥነት ያቀረባቸው፣ በመናፈሻና በመንገድ ሥራቸው የታወቁት ሮበርት ሞዝስ፣ በዴሞክራቱ በኸርበርት ሌማን ከ800 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት ተሸነፉ፤ የኦልባኒው ምክር ቤትም ከሪፐብሊካኖች እጅ ወጥቶ ወደ ዴሞክራቶች ተላለፈ። በቺካጎ ደግሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር እንደራሴ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ኦስካር ደ ፕሪስት፣ አርተር ሚቸል በተባሉ ጥቁር ዴሞክራት ተሸንፈው ወንበራቸውን ለቀቁ። ስመ ጥሩው ደ ፕሪስት ሊቋቋሙት ያልቻሉትን ጎርፍ፣ የጥብቅና ፈተናውን ባለፉ በሁለተኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት ወይዘሮ ዩኒስ ቢሸነፉበት ሊያስነቅፋቸው አይገባም። እንዲያውም ሽንፈቱ በጠባብ ልዩነት መሆኑ በሰፈሩ ሰው ዘንድ የነበራቸውን ተሰሚነት ይመሰክራል።

የምርጫው ዘመቻ ስማቸውን በከተማው ሹማምንት ዘንድ አስታወቀላቸው። ማርች 19 ቀን 1935 በ125ኛው መንገድ በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ትንሽ ሰንጢ ሰርቋል ተብሎ ተያዘ፤ ፖሊሶች በጓሮ በር ቢያስወጡትም፣ ተደብድቦ ተገደለ የሚል ወሬ በሰፈሩ ስለ ተናኘ፣ ለዓመታት የታመቀው ምሬት ገንፍሎ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ሲሰበር፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ጥይት ሲጮኽ ዐደረ፤ ሦስት ጥቁሮችም ሕይወታቸው አለፈ። ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ የሁከቱን መንሥኤ የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁሙ፣ ባለ ቅኔው ካውንቲ ከለንና የሠራተኞች መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ ከተቀመጡበት ከዚያ ጉባኤ ውስጥ ወይዘሮ ዩኒስ ካርተርን ጸሐፊ አድርገው ሾሟቸው። ኮሚሽኑ በሐርለም ሸንጎ ዘርግቶ የሕዝቡን አቤቱታ ሰማ፤ መንሥኤውም የአንድ ሌሊት ወሬ ሳይሆን ሥራ ማጣት፣ የቤት ጥበት፣ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ጉድለት፣ የፖሊስም ጭካኔ እንደ ሆነ ገለጸ። ከንቲባው ግን ሪፖርቱን በይፋ አላሳተሙትም፤ በተከታዩ ዓመት የሐርለሙ አምስተርዳም ኒውስ ጋዜጣ አግኝቶ ባያትመው ኖሮ ለሕዝብ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ሹመት የሰጠ እጅ የሹመቱን ፍሬ ሊሸሽግ እንደሚችል ወይዘሮ ዩኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሁከቱ የተነሣበት ያ የ1935 ዓመት ለእኛም ለሐርለም ሰዎችም የመከራ ዓመት ነበር። ፋሽስት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ጦሯን ስታከማች፣ ሐርለም የራሷ ቤት የተደፈረ ያህል ተንቀሳቀሰች፤ በኦገስት 1935 ብዙ ሺህ ሰዎች የኢትዮጵያን ስም እየጠሩ በጎዳናዋ ተሰለፉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ገንዘብ ተሰበሰበ። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በዚያች ከተማ ሲያቋቁሙ ዝግጁ ልብ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነበር።

በዚያው በጋ፣ በጁላይ 1935፣ አገረ ገዥው ሌማን ወጣቱን ጠበቃ ቶማስ ዲዊን የተደራጀ ወንጀልን እንዲያሳድዱ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አድርገው አቆሟቸው። ሚስተር ዲዊ በዉልዎርዝ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ከፍተው ከመረጧቸው 20 ጠበቆች መካከል አንዲት ሴት፣ አንድም ጥቁር ነበረች፤ ሁለቱም ወይዘሮ ዩኒስ ካርተር ነበሩ። የሌሎቹ ባልደረቦች ዐይን በገንዘብ አራጣ፣ በሎተሪ ማጭበርበርና በነጋዴ ላይ በሚጣል የግፍ ግብር ላይ ሲያርፍ፣ ለእርሳቸው የተሰጣቸው የሕዝብን አቤቱታ መቀበል ነበር፤ አብዛኛውም አቤቱታ በየመኖሪያ ሕንፃው ስለ ተከፈቱ የሴትኛ አዳሪ ቤቶች ነበር። ይህ ሥራ ለወንዶቹ ጠበቆች እንደ ተራ ነገር የታየ ቢሆንም፣ በእርሳቸው እጅ ግን የቁልፉ ምሥጢር ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱም ወይዘሮ ዩኒስ የሴቶች ፍርድ ቤት የሚባለውን ችሎት ከዚህ አስቀድሞ በሥራቸው ያውቁት ነበር። ይህ ችሎት ገና በ1930 ዳኛ ሳሙኤል ሲበሪ ባካሄዱት ታላቅ ምርመራ ፖሊስ፣ ጠበቃና ዋስ ተመሳጥረው ምስኪን ሴቶችን የሚገፉበት ቤት ሆኖ ተገልጦ ነበር። ወይዘሮ ዩኒስ ያዩት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት በሴትኛ አዳሪነት ተከሳ ትቀርባለች፤ ከሌላ ከተማ መጥታ ወዳጇን ልትጠይቅ እንደ ገባች፣ ፖሊሱም በስሕተት እንደ ያዛት ትናገራለች። የያዛት ፖሊስ በመሐላ ሲጠየቅ ዋናውን ነገር ይዘነጋዋል፤ ሴቲቱም በነፃ ትለቀቃለች። ቀጥላ የምትቀርበው ሴት ስሟ ሌላ፣ መልኳ ሌላ፣ ሰፈሯም ሌላ ነው፤ ቃሏ ግን ያው ቃል ነው፤ የቆመላት ጠበቃ ያው ጠበቃ፣ የዋስ ገንዘብ የከፈለላትም ያው ሰው ነው። ብዙ የሕግ ሰዎች በዚያ ችሎት ተመላልሰው ይህን ሁሉ ሰምተዋል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዷ ሴት ነውር በስተቀር ያዩት አልነበረም። ወይዘሮ ዩኒስ ግን ቃላቸው አንድ የሆነ ሴቶች አስተማሪያቸውም አንድ መሆን አለበት፣ ዋሳቸው አንድ የሆነ ሴቶች ከፋያቸውም አንድ መሆን አለበት ብለው ፈረዱ።

ሚስተር ዲዊ መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም፤ ታላላቅ ወንበዴዎችን ሊይዝ የተሾመ ዐቃቤ ሕግ ጎስቋላ ሴቶችን ሲያሳድድ ቢታይ ሕዝብ ይስቅበታል ብለው ፈሩ። ወይዘሮ ዩኒስ ከባልደረባቸው ከመሪ ገርፋይን ጋር ሆነው ደጋግመው አስረዱ፤ የታሰበው ሴቶቹን ለመቅጣት ሳይሆን በሴቶቹ ላይ የሚነግደውን ለመያዝ መሆኑን ካሳመኑ በኋላ ፈቃድ ተገኘ። ስልክ ተጠልፎ ተደመጠ፤ የየቤቱ አድራሻ ተመዘገበ፤ ሴቶቹ ከሚያገኙት ገንዘብ ላይ በየሳምንቱ 10 ዶላር ለዋስ መዋጮ እየተባለ እንደሚወሰድባቸው ታወቀ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1936 ሌሊት፣ ወዴት እንደሚሄዱ እስከ መጨረሻው ሰዓት ያልተነገራቸው ፖሊሶች በማንሃተንና በብሩክሊን ብዙ ቤቶችን በአንድ ጊዜ ወርረው ከመቶ ያላነሱ ሰዎችን ያዙ። እንደ ልማዱ ጠበቃውና ዋሱ ቢመጡም፣ ዳኛው የዋሱን ገንዘብ ከፍ አድርገው ስለ ቆረጡ፣ ሴቶቹን በዚያች ሌሊት የሚያስፈታቸው አልተገኘም። ተስፋ የቆረጡት ሴቶች ቀስ በቀስ መናገር ሲጀምሩ፣ ከገንዘብ ሰብሳቢዎቹ በላይ፣ ከአለቆቻቸውም በላይ የሚጠራ አንድ ስም ብቅ አለ፤ እርሱም ላኪ ሉቺያኖ፣ በከተማው ከወንበዴዎች ሁሉ በላይ የሚፈራው ሰው ነበር።

የእኛ አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደሚሉት፣ ሉቺያኖን የሚከስ ሰው በኒው ዮርክ አይገኝም ነበር። እርሱ ራሱ ገንዘብ ሲቀበል የታየበት፣ በእጁ የፈረመበት ነገር ስላልነበረ፣ በቀድሞው የክስ ሥነ ሥርዓት እያንዳንዱን ጥፋት ለየብቻው አቅርቦ ማስረዳት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሚስተር ዲዊ ወደ ኦልባኒ ዞረው፣ ተመሳሳይና ተያያዥ የሆኑ ጥፋቶች በአንድ የክስ ማመልከቻ ተጠቃልለው በአንድ ችሎት እንዲታዩ የሚፈቅድ ሕግ ለመኑ፤ የሕግ መምሪያውና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤቶች ሕጉን በ1936 አወጡት። ወይዘሮ ዩኒስ ወንበር ያጡበት ያ ምክር ቤት ሕጉን ባያወጣ ኖሮ፣ እርሳቸውም ሆኑ አለቃቸው ምንም ባላደረጉ ነበር። የዐቃቤ ሕግ ትጋት፣ የቱንም ያህል ብሩህ አእምሮ ቢመራው፣ ሕግ አውጭው ከከፈተለት በር በስተቀር የሚገባበት የለውም።

ሉቺያኖ በአርካንሳስ ግዛት ሆት ስፕሪንግስ ተይዞ መጣ፤ በሜይና በጁን 1936 በዳኛ ፊሊፕ ማኩክ ፊት በተሰየመው ችሎት ሴቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ መሰከሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ተፈጸመና፣ ጁን 7 ቀን ጁሪው ሉቺያኖንና ግብረ አበሮቹን ጥፋተኞች አላቸው፤ እርሱም በ62 ክሶች ተፈርዶበት ከ30 እስከ 50 ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ። ከምስክሮቹ አንዳንዶቹ በተከታዩ ዓመት ቃላችንን እንለውጣለን ማለታቸውንና የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ማጽናቱን መጥቀስ ለእውነት የሚገባ ነው። በችሎቱ ፊት ቆመው የተናገሩት፣ ጋዜጦችም ስማቸውን ያገነኑት ሚስተር ዲዊ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ክር የመዘዙት ሴት ግን በሸንጎው ላይ ለመናገር ተራ አልደረሳቸውም።

ከዚህ በኋላ የወይዘሮ ዩኒስ መንገድ በሚስተር ዲዊ መንገድ ላይ የታሰረ ሆነ። ሚስተር ዲዊ በ1937 የማንሃተን ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሲመረጡ፣ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቀላል ወንጀሎችን የሚያስተናግደውን የልዩ ችሎት ክፍል እንዲመሩ ሾሟቸው፤ ነጭም ጥቁርም የሆኑ ወንድ ጠበቆች በእርሳቸው ሥር ሆኑ። ሚስተር ዲዊ በ1942 ለአገረ ገዥነት፣ በ1944ና በ1948 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ወይዘሮ ዩኒስ የጥቁሩን ሕዝብ ድምፅ ለማስገኘት ደከሙ። ሆኖም ዳኝነት፣ ለሥራቸው የሚገባው ያ ማዕርግ፣ አልተሰጣቸውም። በ1943 አገረ ገዥው ዲዊ በኒው ዮርክ ከተማ ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲሆኑ የሾሟቸው ጥቁር ሰው፣ በ1929 ከሐርለም ተመርጠው በኦልባኒ ምክር ቤት የተቀመጡትን ፍራንሲስ ሪቨርስን ነበር። ወይዘሮ ዩኒስ በ1945 የዐቃቤ ሕግነቱን ሥራ ትተው ወደ ጥብቅና፣ ወደ ጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤትና ወደ ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤዎች አገልግሎት ተመለሱ።

የእርሳቸው ዕጣ የብቻቸው አልነበረም። ከዬል የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጄን ቦሊንም በ1936 ለዚያው ምክር ቤት በሪፐብሊካን እጩነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ እርሳቸው ግን በ1939 በከንቲባው ላጋርዲያ ተሹመው በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ሆነው ለ40 ዓመት ያህል ፈርደዋል። ሁለቱ ሴቶች በትምህርትም፣ በትጋትም፣ በሽንፈታቸውም እኩያ ሳሉ፣ አንዲቱን ወደ ፍርድ ወንበር ያወጣ፣ ሌላይቱን በደጅ ያስቀረ የሿሚ ፈቃድ ብቻ ነው። የወይዘሮ ዩኒስ የልጅ ልጅ የሆኑት የሕግ መምህሩ ስቲቨን ካርተር በ2018 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ፣ ለዚህ መቅረት አንዱ ምክንያት የወንድማቸው የአልፊየስ ሀንተን ኮሚኒስትነት ሳይሆን እንዳልቀረ ያመለክታሉ። አልፊየስ ለአፍሪካ ነፃነት የታገሉ ምሁር ሲሆኑ፣ በ1951 ለአንድ የዋስ መያዣ ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም አልናገርም በማለታቸው ታስረው፣ ኋላ በአፍሪካ ምድር ኖረው በጃንዋሪ 1970 በሉሳካ ዐረፉ፤ እኅታቸውም በዚያው ወር በኒው ዮርክ ዐረፉ። በዚያ የጥርጣሬ ዘመን የወንድም ስም ለተሿሚ ሸክም ነበር፤ ሿሚ ስለ ራሱ ስም ይሠጋልና።

እንግዲህ አንዳንድ ጸሐፊዎች፣ ወይዘሮ ዩኒስ በ1934 ተመርጠው ቢሆን ኖሮ ሉቺያኖ ባልተያዘ ነበር፣ ስለዚህም ሽንፈታቸው ለበጎ ሆነ ብለው ነገሩን ያጣፍጡታል። እኔ ይህን አልቀበለውም። የሠሩት ሥራ ታላቅ መሆኑ ያጡት ነገር ትንሽ እንደ ነበረ አያስረዳም። በኦልባኒ ቢቀመጡ ኖሮ ስለ ሐርለም ቤትና ደመወዝ፣ ስለ ፖሊሱና ስለ ሆስፒታሉ በገዛ ስማቸውና በመራጮቻቸው ሥልጣን በተናገሩ ነበር፤ ሪፖርታቸውን በመሳቢያ የሚቆልፍባቸው ከንቲባ፣ ዳኝነታቸውን በይደር የሚያቆይባቸው አገረ ገዥ ባልኖረም ነበር። በሹመት የሚሠራ ሰው፣ የቱን ያህል ቢከበር፣ የራሱን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይኖራል፤ የ1936ቱ ችሎት ይህን በግልጥ አሳይቷል።

ሐርለም ጥቁር ሴት እንደራሴ ወደ ኦልባኒ ለመላክ ተጨማሪ 20 ዓመት ወሰደባት። በ1954 ዴሞክራቷ ቤሲ ቡካናን ተመርጠው በምክር ቤቱ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ፤ እስከ 1962 ድረስም አገለገሉ። በዚያ ጊዜ የጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ ወደ ዴሞክራቶች ጸንቶ ስለ ነበር፣ የ1934ቱ ጎርፍ ለእርሳቸው ተስማሚ ነፋስ ሆኖላቸዋል። ወይዘሮ ዩኒስ ከእርሳቸው በፊት የጥቁር ሴት ስም በሐርለም የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ በሪፐብሊካን እጩነት አስፍረው፣ ሕዝቡም ስሙን አይቶ ሊመርጥ ወይም ሊተው እንደሚችል አስለምደዋል። ሰው ሲሸነፍ ወንበሩን ያጣል፤ ወንበሩ የሚገባው መሆኑን ግን በአደባባይ ተናግሮ ያልፋል። ለሕዝብ የሚቆም ሁሉ፣ ዕድል ቢገጥመውም ባይገጥመውም፣ ሥልጣኑን ከሕዝብ እጅ ለመቀበል አንድ ጊዜ እንኳ ደፍሮ ይጠይቅ ዘንድ የወይዘሮ ዩኒስ ካርተር ታሪክ ይመክራል፤ ከሕዝብ የተቀበሉትን ከሕዝብ በቀር የሚወስድ የለምና።